ደገፉ የተረጎመው የህንድ ፊልም

ወላይታ ሶዶ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለማርያማዊት
ፑኔ፣ ህንድ አገር

ጉዳዩ፦ የጥርስ ዕረፍትን ስለማሳወቅ

ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ በታችኛው መንጋጋዬ በግራ በኩል ለረጅም ዘመን በታማኝነት ሲያገለግል የቆየው ጥርሴ ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ድንገት ከሥራው ተለይቷል። የዕረፍቱ ምክንያት የተጠበሰ በቆሎ ነው። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ብዙ አጥንት የቆረጠመ፣ ለሹማምንት ፈገግ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ፣ ጠጅ የማይጠላ ጥርስ ነበር። ጎረቤቶቹ የሆኑት ሁለት ጥርሶች በሐዘን እየተነቃነቁ ይገኛሉ። ሥርዓተ ቀብሩ በጓሮ ከሸንኮራው ሥር ተፈጽሟል። ቡቃያ ካወጣ አሳውቅሻለሁ።

ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕድሜውን ሙሉ የቀበሌ ጸሐፊ የነበረ ሰው "ጉዳዩ" ብሎ ካልጀመረ "እንዴት ነሽ" ለማለት እንኳ እጁ አይፈታለትም። እንዴት ነሽ? ምግብ ትበያለሽ ወይ? በሩዝ ብቻ ሰው አይኖርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እናትሽ አልታመመችም። እኔም አልሞትኩም፤ ብሞት ኖሮ ራሴ በጽሑፍ አሳውቅሽ ነበር። በደወልሽ ቁጥር የምታለቅሰው በፊልም ምክንያት ነው።

ደገፉን ታስታውሺዋለሽ። ከመናኸሪያው በታች ቪዲዮ ቤት ያለው፣ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በማይክሮፎን በአማርኛ የሚተርከው። ባለፈው እሑድ የህንድ ፊልም አምጥቻለሁ ብሎ ለጠፈ። እናትሽ ቪዲዮ ቤት ረግጣ አታውቅም፤ ግን "ልጄ ያለችበትን አገር በዓይኔ ልየው" ብላ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። የጠበቀችው ዘፈን ነበር። እኔም ዛፍ እየዞሩ የሚሯሯጡ ጥንዶች አያለሁ ብዬ መነጽሬን ወልውዬ ነበር።

የመጣው ሌላ ነው። ጨለማ፣ ዝናብ፣ ጭቃ። ደገፉ ማይኩን እፍ እፍ አለና "ክቡራን ተመልካቾች፣ ይህ ታሪክ በእውነት የተፈጸመ ነው" አለ። አንድ ባለ ነጭ ሪዝ ሽማግሌ ከሩቅ አገር ለመጡ ሴት ተማሪዎች ክፍል ያከራያል። ልጆቹ ይገባሉ፤ አይወጡም። "ከተማዋ ፑኔ ትባላለች" አለ ደገፉ። እናትሽ ክንዴን ያዘች። "አከራዩም አቶ ኩልካርኒ ይባላል" ሲል ጥፍሯ ቆዳዬን አልፎ አጥንቴ ጋ ደረሰ። "በሩን ተመልከቱት፣ ሰማያዊ ነው" አለ። በዚያ ጨለማ ሁሉም በር ሰማያዊ ነው ልጄ፤ የአንቺም አከራይ በር ሰማያዊ መሆኑን ግን እናትሽ ከፎቶ አይታለች። "ልጄን!" ብላ ተነሳች። ሰው ፊልሙን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ። ወጣን።

ውሳኔዋ ይህ ነው። ለጊፋታ በዓል ትመጫለሽ፣ መጥተሽም አትመለሺም። አረካ ያለው አጎትሽ ቶማ ፍልሰታ እንደተፈታ ትኬት እንዲቆርጥ ታዟል። "ጥቂት ወር ነው የቀራት" ስላት "ለሞተች ልጅ ዲግሪ ምን ያደርግላታል?" አለችኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ያ ነገር እውነት እዚያ ነው የሆነው? ሁለተኛ፣ አከራይሽ ሪዛቸውን መላጨት ይችሉ ይሆን?

በስልክ አትመልሺልኝ። ስልኩ የእናትሽ ነው፤ ስታወራም ድምፁን ከፍታ ሰፈሩን ሁሉ ታሳትፋለች። ይህን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ፈጠነች አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ መልስሽንም አትማ፣ አጥፋ ትሰጠኛለች። አላነብም ብላ ምላልኛለች። ወረቀቱን ሳቀብላት ግን ስለ ጥርሴ "ነፍስ ይማር" አለችኝ።

አያትሽ ጩማ


ፑኔ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለጥርስዎ መጽናናትን እመኛለሁ። ፈጠነች፣ ላንቺም ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፊልሙን ፈልጌ አገኘሁት። ያየሁትም ከአቶ ኩልካርኒና ከባለቤታቸው ጋር ሳሎን ቁጭ ብለን ነው። ታሪኩ እውነት ነው አባባ። ግን ፑኔ አይደለም፤ ከዚህ በባቡር አድረው የሚደርሱበት፣ በጣም ሩቅ ከተማ ነው። የሆነውም እኔ ሳልወለድ ነው፤ ሰውየውም ተይዞ ተፈርዶበታል። ፊልሙ ውስጥ ኩልካርኒ የሚባል ሰው የለም። እውነተኛው ኩልካርኒ ግማሹን ያዩት ትራስ ፊታቸው ላይ አድርገው ነው። ባለቤታቸው "በረሮ ባየ ቁጥር ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ማንን ይገድላል?" እያሉ ሲስቁባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። "አጠገብሽ ሆኖ እንዲህ በይ የሚልሽ ማነው?" አለችኝ። "ማንም የለም" አልኳት። "ማንም የለም በይ አለሽ?" አለች። አቶ ኩልካርኒ ነገሩን ላብርደው ብለው ቪዲዮው ላይ ብቅ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ሲሏት፣ ሪዛቸውን አይታ ጮኸች። ስልኩ ተዘጋ። እሳቸውም ከድንጋጤ የተነሳ እራታቸውን አልበሉም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አይላጩም ነው። ሪዙ ከእሳቸው በፊት ነበር ይላሉ ባለቤታቸው።

አባባ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ጥናቴ በእንሰት ላይ መሆኑን ያውቃሉ። ቡላ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የማደርገው ሙከራ እስከ ታኅሣሥ በየጊዜው መታየት አለበት። ትቼው ከመጣሁ የደከምኩበት ሁሉ ይሻግታል፤ እንደገና ጀምሪ የሚለኝም የለም። ደግሞ አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ያላት እኔ ብቻ ነኝ። እሷን በየቀኑ እያስለቀስኩ እዚህ ተቀምጬ ዲግሪ ልይዝ አልችልም። "ነይ" ካለችኝ እመጣለሁ። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ደገፉ ኩልካርኒ የሚለውን ስም ከየት አመጣው?

ልጅዎ ማርያማዊት


ወላይታ ሶዶ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የምርመራ ውጤትን ስለማቅረብ

በፊልሙ ውስጥ አንዲት የደከማት መርማሪ አለች አይደል? ዝናብ ላይ ኮቷን ደርባ በየቤቱ የምትዞረው። እኔም ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ እንደ እሷ ደክሞኝ ደገፉ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሲያስተካክል ያዝኩት።

"ደገፉ፣ ያ ፊልም ፑኔ ነው?"

"አይደለም ጋሼ።"

"የት ነው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ፣ ምላስ የሚያሥር ስም ነው ያለው። ለሕዝቡ ምላስ የሚያሥር ስም ብነግረው ምን ይጠቅመዋል?"

"ፑኔን ማን ሰጠህ?"

"እትዬ አሳየሽ ናቸዋ! በር ላይ ሻይ ይዘው ስለ ማርያማዊት ሲያጫውቱኝ ነበር። ፑኔ አሉኝ፣ ኩልካርኒ አሉኝ፣ ነጭ ሪዝ፣ ሰማያዊ በር አሉኝ። ቤቴ መጥተው አያውቁም፣ ላክብራቸው ብዬ ነው ጋሼ!"

አየሽ ልጄ፣ ለካ የዚህ ሰው አሠራር እንዲህ ነው። ፊልም ሲተርክ አገሩን አገራችን፣ ሰዉን ሰዋችን ያደርገዋል። አምና አንድ የአሜሪካ ፖሊስ ሌባውን ከጉኑኖ እስከ አረካ በመኪና አሳዶታል አሉ። ባጃጅ ነጂው ዳልጮ ደግሞ ደገፉን ሻይ በመጋበዙ ብቻ ዓለምን ከጥፋት አድኗል። ደንበኞቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ስማቸው እንዲጠራም ይሽቀዳደማሉ። የማናውቀው እኔና እናትሽ ብቻ ነበርን። ለእናትሽ በታላቅ አክብሮት የተሰጣት ስጦታ ነፍሰ ገዳይ ሆነና ቤታችን ገባ።

"በል ና፣ ራስህ ንገራት" አልኩት።

"ጋሼ ይማሩኝ! ተርጓሚ ከራሱ ጨመረበት ከተባለ ማን ይገባልኛል?"

"ገና ይጋፉልሃል። ቅደም።"

እናትሽ ጎደሬ ስትልጥ ደረስን። ደገፉ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ አንድ ሳይቀር ተናዘዘ። ቢላዋውን ሳታቆም አዳመጠችው።

"ማን ላከህ?" አለችው ሲጨርስ።

"ጋሽ ጩማ" አለ፣ ይሄ ጅል።

"አዩ አባዬ?" አለችኝ። "እዚያ ልጅቷን ያስገድዷታል፣ እዚህ እርስዎ ሰው ጎትተው ያስዋሻሉ። ሁላችሁም እኔ እንዳልደነግጥ ነው የምትዋሹት። ፊልሙ እኮ እውነት ነው ብሏል! ራሱ በማይክ ብሏል!"

ደገፉ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ጎደሬው አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው የኖርኩት ይህን ነው። አንቺ እውነቱን ነገርሻት፣ አላመነችሽም። አከራይሽ ፊታቸውን አሳዩዋት፣ ባሰባት። ደገፉ ቆሞ መሰከረ፣ ውሸታም ተባለ። ያለ ማይክ የሚነገር ነገር ጆሮዋ አይገባም። እንግዲህ ቀጥሎ የመጣልኝን ሐሳብ አልነግርሽም፤ ፈጠነች ሆዷ አይችልም፣ ከተማው ቀድሞ ይሰማዋል። ብቻ አንድ ነገር ጻፊልኝ። የፊልሙ መጨረሻ እንዴት ነው? እኛ ስንወጣ ሰውየው ገና ሁለተኛዋን ልጅ ሻይ ሲጋብዝ ነበር።

አያትሽ ጩማ፣ መርማሪ


ፑኔ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

መጨረሻውን ለምን እንደፈለጉት ባላውቅም ይኸው። መርማሪዋ በዝናብ ጓሮው ድረስ ገብታ ሰውየውን በእጇ ትይዘዋለች። በካቴና አሥራ፣ ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየ፣ በመንገዱ መሐል ትወስደዋለች። ከዚያ የእውነተኞቹ ልጆች ፎቶ ተራ በተራ ይመጣል። እዚያ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ አባባ፣ ከባድ ነው። የአቶ ኩልካርኒ ባለቤት እንኳ እዚያ ላይ ሳቃቸውን አቁመው እጄን ያዙኝ።

ያልነገርኩዎ ነገር አለ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት እናቴ ስትደውል "እሺ፣ እመጣለሁ" አልኳት። ድምፅዋ ወዲያው ተስተካከለ። ምን እንደምታበስልልኝ ሁሉ ነገረችኝ። እኔም እሺ እሺ እያልኩ ሰማኋት፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ላብራቶሪው ውስጥ የቡላ ማሰሮዎቼ ፊት ቆሜ ምን ላድርግ አልኩ።

ለአስተማሪዬ ገና አልነገርኩም። የሐምሌ ወር እስኪያልቅ እቆያለሁ። ያሰቡት ነገር ካለ ቶሎ ያድርጉት። ከሌለም ግዴለም፣ እርስዎን ማየት ራሱ ደስታ ነው።

ልጅዎ ማርያማዊት


ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ አያትሽ ነፍሰ ገዳይ ስለመሆኑ

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ፈጠነች በድምፅ መልእክት እየሳቀች "ጋሽ ጩማ ታሠሩ" ያለችሽም እውነት ነው። አትደንግጪ፣ ይህን የምጽፈው ከቤት ነው። እናትሽን ስለ እኔ ጠይቂያት፤ ስትደውል ካለቀሰች ያለቀሰችው በሳቅ ነው። ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ።

ፍልሰታ ከገባ እናትሽ ቪዲዮ ቤት እንደማትረግጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ጾሙ ሊገባ ሲል "አሳየሽ፣ መጨረሻውን ሳናይ ልጅቷን መጥራት ልክ አይደለም" አልኳት። "ገዳዩ ተይዞ እንደሆነስ? ደግሞ አምልጦ ወደዚህ መጥቶ እንደሆነስ?" ይቺ የመጨረሻዋ ገባቻት። ፊልሙን ባትወድም ይህን ግን ትፈራለች። ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ለሽሽት እንዲመቻት።

ደገፉ ማይኩን እፍ እፍ አለ። "ክቡራን ተመልካቾች፣ ይህ ታሪክ በእውነት የተፈጸመ ነው።"

እናትሽ አማተበች።

"ከተማዋ ወላይታ ሶዶ ትባላለች።"



"አከራዩም አቶ ጩማ ይባላል።"

የሰው አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነሳሁ። በስክሪኑ ላይ ያ ባለ ነጭ ሪዝ ሽማግሌ በዝናቡ ቆሞ በሩን ይቆልፋል። "ጩማ ጡረታ የወጣ የቀበሌ ጸሐፊ ነው" አለ ደገፉ። "ክፍል የሚያከራየው ማመልከቻ በሦስት ኮፒ ለሚያቀርብ ብቻ ነው።" ሳቁ ከኋላ ጀመረ። ሰውየው ከባድ ጆንያ እየጎተተ በጭቃው ሲያልፍ፣ ያ ባለፈው ሁላችንንም ያስጨነቀው ቦታ፣ "ጩማ ጎደሬ ገዝቶ እየተመለሰ ነው። ከብዶታል። ባጃጅ ግን አይሳፈርም፣ ስስታም ነው" አለ።

"እውነት ነው!" አለ ዳልጮ ከኋላ ወንበር። "አንድ ቀን ተሳፍረውልኝ አያውቁም!"

እናትሽ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። "አባዬ፣ ምንድነው ይሄ ሰው የሚለው?"

"እኔ እንጃ" አልኳት። "በእውነት የተፈጸመ ነው ብሏል። በማይክ ነው ያለው።"

አየችኝ። ስክሪኑን አየች። እንደገና እኔን አየችኝ።

"አትፍሪ ልጄ" አልኳት። "ላንቺ እራራለሁ።"

ከዚያ መርማሪዋ ኮቷን ደርባ ገባች፤ ደገፉም ድምፁን ወፍራም አድርጎ "እነሆ ኮማንደር አሳየሽ!" ሲል ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። ኮማንደር አሳየሽ በር በረገደች። ኮማንደር አሳየሽ ሽማግሌውን በጥፊ አጮለች። "ይገባዋል!" አለ ሕዝቡ። ጎረቤቶቼ ናቸው እንዲህ የሚሉት፤ እያንዳንዳቸው ስንት ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ። ካቴናው ሲገባልኝ ደገፉ እኔን ሆኖ "አሳየሽ ልጄ፣ እራቴን በልቼ ብመጣስ?" አለ፤ ወዲያው ደግሞ እሷን ሆኖ "ቅደም! ከጎደሬህ ጋር!" አለ።

ዞር ብዬ ሳይ እናትሽ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።  አለቀ፣ ጨርሼ አበላሸሁት አልኩ። ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው እየሳቀች ነው ልጄ! አፏን ይዛ፣ እንባዋ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ አጥሯት። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በከዘራዬ ጫፍ ጎኔን ወጋችኝና "እኔን ኮማንደር! እኔን!" ትላለች።

አንቺ ጠንቀቅ ያልሽኝ ቦታ ደረሰ። የልጆቹ ፎቶ መጣ። ደገፉ እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ አልተነጋገርንም ነበር። ማይኩን አጠፋው። ለማናቸውም የኛን ስም አልሰጣቸውም። ሳቁ በአንዴ ቆመ፤ የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ይሰማል።  እናትሽ "እነዚህም እናት ነበራቸው" አለች በቀስታ፤ ለእያንዳንዳቸውም አማተበችላቸው።

መብራት ሲበራ ተነስታ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልክ እንደ ኮማንደር፣ "ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ!" አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደገፉ ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ አንስቶ አጨበጨበ፤ ዳልጮ ወንበር ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው ሊገነጠል ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ ለአስተማሪሽ ምንም አትንገሪው። ማሰሮዎችሽን ጠብቂ። ቶማም ትኬቱ ቀርቷል ተብሏል፤ ሊደሰት ነው ስል ተቀየመ፣ የአቀባበሉን በግ አስቦበት ነበር። እናትሽ ሁለት ትእዛዝ አላት። አንደኛ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስትደውል አቶ ኩልካርኒን ታቀርቢላታለሽ፤ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ነው፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ፣ እባክሽ እንደ ደገፉ ሳይሆን። ሁለተኛ፣ ለባለቤታቸው ያንን የሚያቃጥል ዳጣዋን እየፈጨች ነው፤ ሰው ስናገኝ እንልካለን። በጥቂቱ ይቅመሱት በያቸው፤ በነፍሰ ገዳይነት ቤተሰባችንን እንዳይጠረጥሩ።

ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ልፈርም ስል ፈጠነች በትከሻዬ ላይ አንብባ "ጋሼ፣ እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ" አለችኝ። እሺ፣ ላርመው። ጭብጨባው የኔ ጭማሪ ነው። ፊልሙም፣ ሳቁም፣ ካቴናውም እንዳልኩሽ ነው፤ መብራት ሲበራ ግን እናትሽ ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ብላ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ክንዴን ይዛ ኮብልስቶኑን ወጣን። እደጃችን ደርሰን ቁልፍ ስትፈልግ፣ እኔን ሳታይ፣ ለቁልፉ የምትነግረው ይመስል፣ "ትጨርስ እንግዲህ" አለች። ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ያለ ጭብጨባ ሲያልፍ ግን አላስችል አለኝና፣ ከዘራዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ፣ በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

አያትሽ ጩማ